አሥራ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ የሚመዝን ድምፅ

ጋሽ ግራም ሚስቱን ይወዳታል። ይህን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የሚያነብ ሰው ሊጠራጠር ይችላልና።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ጋሽ ግራም ያሉት የገበያ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱም ቢሆን አይከፋውም፣ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ይወደዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ገበያ ሲገባ ቲማቲም የሚመዝኑት አንዲት ፍሬ ይጨምራሉ፣ ሥጋ ሻጮቹ ድንገት ትሑት ይሆናሉ። ትክክል ሆኖ ያገኘውን መመዘኛ ብረት ሁሉ በመዶሻ እየመታ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተምና የራሱን ቁጥር፣ አሥራ ሰባትን፣ ያትምበታል። ደግ ሰው ነው፤ አምስት ግራም ግን አያልፍም። አንድ ቀን አንድ ሥጋ ሻጭ ሁለት ኪሎ ብረት ተጭኖበት መርፌው ንቅንቅ ያላለ ሚዛን ይዞ ሲከራከረው፣ «ወንድሜ፣ ባዶውን ዜሮ የሚል ሚዛን ደህና ነው። ሸክም ተጭኖበት ዜሮ የሚል ሚዛን ግን ሞቷል» ብሎ የእግድ ወረቀት ለጠፈበት። ማታ እቤቱ ገብቶ ይህችኑ ለሚስቱ ነገራት። በሳምንቱ ደግሞ ነገራት። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደነገራት አልቆጠረም፤ ሌላውን ነገር ሁሉ ግን ይቆጥራል።

ሚስቱ መምህርት ነበረች። ነበረች ማለታችን፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ክፉ ትኩሳት ይዟት ሲለቃት የግራ ጆሮዋን ይዞባት ስለሄደ ነው። ቀኙ ደህና ነው፤ ጫጫታ ሲበዛበት ግን እሱም ይደናገራል። ስድሳ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ማን ምን እንዳለ መለየት ሲያቅታት ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አዛወሯት። «ዝምታ ደሞዝ የሚከፈልበት ቦታ አገኘሁ» እያለች ትቀልዳለች። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እሷ ግን ስትናገረው አትስቅም።

ከተጋቡ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት የፊልም ሰዓታቸው ነው። መጋረጃውን ጋረድ አድርገው፣ ሻያቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ፊልሙ ጥሩ ከሆነ ያዩታል፣ መጥፎ ከሆነ ያሙታል፤ ሁለቱም ያስቃቸዋል። ከትኩሳቱ ወዲህ ግን ጋሽ ግራም ብቻውን መሳቅ ጀመረ። እሱ ሲስቅ እሷ ዞር ብላ «ምን አለ?» ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ቆይ እነግርሻለሁ» ይላታል። አይነግራትም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የሚቀጥለው ነገር ይመጣና የፊተኛውን ያስረሳዋል።

የጆሮ ሐኪሟ ባለፈው ቀጠሮ ለሁለቱም እንዲህ አሏቸው፦ «ሲያናግሯት በቀኟ በኩል ይሁኑ። ፊትዎን ያሳዩዋት። ድምፁ ጥርት ይበል። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለኝም።» ጋሽ ግራም ሦስቱንም ሰምቷል፤ ይዞ ቤቱ የገባው ግን ሦስተኛውን ብቻ ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ከመሣሪያ ይወጣል፣ መሣሪያ ደግሞ ይለካል። በቀኝ በኩል መቀመጥ ግን ምኑ ይለካል?

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ፊልሙ ሲጀመር የሥራ ማስታወሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሚስቱ «ምን አለ?» ባለች ቁጥር አንዲት ጭረት ያሰምራል። ፊልሙ ሲያልቅ ቆጠራቸው፤ ሠላሳ ስምንት ሆኑ። ከሥሩ «ግብ፦ ዜሮ» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከሠላሳ ስምንቱ አንዱን እንኳን አልመለሰላትም፤ እጁ ጭረት ላይ ነበራ።

ገንዘቡ አንድ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ ሶፋ ለመቀየር ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ነው።

«የቤት ሲኒማ ልገዛ ነው» አላት። «ሪሲቨርና ስፒከር። ላንቺ ነው።»

«ሶፋውስ?»

«ሶፋ ድምፅ አያሰማም።»

«የኛ ሶፋ ያሰማል» አለች፤ እውነቷን ነበር። በሶፋው ቀኝ ጫፍ አንድ ስፕሪንግ ጨርቁን ገፍቶ ብቅ ብሏል፤ የተቀመጠበትን ሰው እየወጋ ይጮኻል። ስለዚህ እሷ መሃሉ ላይ፣ እሱ ሶኬቱና ሪሞቱ ባለበት በግራ ጫፍ ነበር የሚቀመጡት። ከዚያ ሆኖ የሚናገረው ሁሉ ወደ ደነቆረው ጆሮዋ ነበር የሚሄደው፤ ይህ ግን ላንዳቸውም ትዝ ብሏቸው አያውቅም። «እንግዲህ ላንቺ ነው ካልክ ምን እላለሁ» አለችና ፖስታውን አመጣችለት።

ጋሽ ግራም ነገር ዓለሙን ትቶ ጥናት ውስጥ ገባ። መሥሪያ ቤቱ «ሪሲቨር ልገዛ ነው» ሲል ሁሉም የሳተላይት መስሏቸው «ስንት ቻናል ይይዛል?» ይሉታል። እሱ ደግሞ ይሄኛው ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለየስፒከሩ ድርሻ ድርሻውን የሚያከፋፍል መሆኑን በትዕግሥት ያስረዳል። ሲጨርስ «እሺ፣ ኳስ ያሳያል?» ይሉታል። ተስፋ ቆርጦ ወደ ስልኩ ዞረ። እዚያ ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ሌት ተቀን የሚሰዳደቡበት መድረክ አገኘ። አንዱ አምስት ስፒከር ለጨዋ ሰው ይበቃል ሲል፣ ሌላው ሰባት ያላደረገ ጆሮውን ቢደፍነው ይሻላል ይለዋል። የጋሽ ግራምን እንቅልፍ የነሣው ግን «አምስት ነጥብ አንድ» የሚሉት ነገር ነው። በሱ ሙያ ነጥብ አንድ ማለት አንድ አሥረኛ ነው፤ የስፒከር አንድ አሥረኛ እየተቆረጠ ይሸጣል እንዴ ብሎ ሁለት ቀን ተብሰለሰለ።

ነጥብ አንዷ ወፍራሙን ድምፅ የምታጓራው ቤዙ መሆኗን የነገረው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። በሱቁ በር ላይ ቁም ሳጥን የሚያህል ስፒከር አቁሟል። ደንበኞቹ «ከጎን ብቻ አሳጥርልኝ» ሲሉት ስለማይሰማ፣ የመጣውን ሁሉ አንድ ዓይነት ቆርጦ ይሸኛል።

«ጋሼ፣ አንተ ዋቱን እይ» አለው፣ ድምፁን ከስፒከሩ በላይ ከፍ አድርጎ። «አንድ ሺህ ዋት ካልሆነ አትንካው።»

«ሁሉም ካርቶን ላይ አንድ ሺህ ዋት ይላል እኮ።»

«ይላላ።»

«ማን ለክቶት?»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ ሁለት ጊዜ አንቀጫቀጨ። «ፋብሪካው ነዋ።»

ጋሽ ግራም ከዚህ በኋላ ዋት የሚባል ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የራሱን ዕቃ ራሱ መዝኖ ራሱ የሚመሰክር ነጋዴ ሲያሽግ የኖረ ሰው ነው። የሚታመን፣ በሰው አፍ የማይለወጥ፣ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ፈለገ። በሦስተኛው ሳምንት አገኘው። ከሚሰዳደቡት አንዱ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ገንዘብ ካጠራችሁ ካርቶኑን አታንብቡ። ሪሲቨሩን ብድግ አድርጉት። የጥሩ ሪሲቨር ትራንስፎርመሩ ትልቅ ስለሆነ ዕቃው ይከብዳል፤ የመጥፎው ግን ቀፎ ነው።» የጋሽ ግራም ልቡ ቅቤ ጠጣ። ይሄ ሁሉ የዓለም ጭቅጭቅ በመጨረሻ ዞሮ ዞሮ ወደሱ ሥራ መጣለት።

ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ ቦርሳውን እንደያዘ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ መንገድ ሄደ። አንዱ ሱቅ ሲገባ ባለቤቱ ከወንበሩ ብድግ አለ። ጋሽ ግራምም አወቀው። ከስምንት ዓመት በፊት ገበያው ውስጥ ስኳር ይሸጥ የነበረ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ ሚዛኑን አሽጎበታል።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሚዛን የለም» አለ ባለሱቁ፣ ሰላምታውን አስቀድሞ መስጠት እስኪረሳ ድረስ ደንግጦ።

«ለግዢ ነው የመጣሁት። ስኳሩን ለምን ተውከው?»

«እርስዎ ነዎት ያስተዉኝ። ድምፅ አይመዘንም ብዬ ወደዚህ ገባሁ።»

«መመዘኛዎችህንስ የት አደረስካቸው?»

«መጋዘን አሉ። የእርስዎ ማኅተም ያለበትን ዕቃ እንዴት አድርጌ ልጣል?»

መልሱ ጋሽ ግራምን ደስ አሰኘው። ከቦርሳው ተንጠልጣይ ሚዛኑን አውጥቶ በሩ ላይ ባለው ብረት ሰቀለና ሪሲቨሮቹን አንድ በአንድ በገመድ እያሰረ መመዘን ጀመረ። ባለሱቁ አፉን ከፍቶ ያያል። አንዱ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆነ። ሌላው ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ። ከአሥር ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ዋጋው ግን የሶፋውን ፖስታ ሁለት ጊዜ ይውጠዋል።

«ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?» አለ ባለሱቁ።

«ከባድ። ከአሥር ኪሎ ያላነሰ። ገንዘቤ ደግሞ ይቺ ናት።»

ባለሱቁ ሚዛኑን አየ፣ ፖስታውን አየ፣ መጨረሻ ላይ ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ የመዘነውን ሪሲቨር አየ። «ሐሙስ ይምጡ» አለ። «አዲስ ዕቃ ይገባልኛል። እርስዎ እንደሚወዱት ነው።»

ሐሙስ ዕቃው ገብቶ ጠበቀው። መልኩ ማክሰኞ ካየው ባለ ስድስት ኪሎው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ቁልፎቹም እዚያው ናቸው፣ ከፊቱ ያለችው ጭረትም እዚያው ናት። ጋሽ ግራም ይህን ልብ ብሎ ጠየቀ። ባለሱቁ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ከውጭ አንድ ነው ጋሼ። ውስጡ ነው የተለወጠው» አለው። ጋሽ ግራም ሰቀለው። አሥራ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ። አውርዶ ደግሞ ሰቀለው፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከመዘነው በኋላ ፖስታውን አወጣ።

ዋጋው ካሰበው ከፍ ስላለ ለስፒከሮቹ የተረፈው ገንዘብ አነሰ። ለፊት ሁለት፣ ለኋላ ሁለት፣ ቤዙን ጨምሮ ገዛ፤ መሃል የምትቀመጠዋን አምስተኛዋን ስፒከር ግን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላለፋት። መሃለኛዋ ስፒከር ማለት ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፃቸው የሚወጣባት ናት። ሚስቱ ንግግር እንድትሰማ ብሎ የተነሣ ሰው፣ የሚፈነዳውን፣ የሚያጓራውንና የሚነጉደውን ሁሉ ገዝቶ የንግግሩን ብቻ ተወ። በእርግጥ ይህንንም አጥንቶበታል። መድረኩ ላይ አንዱ «ከፊት ሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቆ ልክ መሃል የተቀመጠ አዳማጭ፣ ንግግሩ ከመሃል የመጣ ይመስለዋል» ብሎ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ «አዳማጭ» ነው የሚለው፤ አዳማጮች አይልም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ በክርና በሜትር ተሞላ። ጋሽ ግራም በካሬ ወረቀት ላይ የክፍሉን ፕላን አወጣ። ቴሌቪዥኑን ሣለ፣ አራቱን ስፒከሮች ሣለ፣ ቤዙን፣ ሶኬቱን፣ መስኮት ላይ ያለችውን አበባ ሳይቀር ሣለ። ከዚያ ከሁለቱ ስፒከሮች እስከ ሶፋው መሃል ድረስ ክር ወጥሮ፣ ሁለት መቶ አሥር ሴንቲሜትር ከዚህም ከዚያም መሆኑን አረጋግጦ፣ ቦታዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረገ። ከነጥቧ አጠገብ «አዳማጭ» ብሎ ጻፈ።

ከምሳ በኋላ ነጥቧ ላይ ሄዶ የተቀመጠው እሱ ነው። መጀመሪያ ለማጣራት ያህል ነበር። የግራው ጫፍ በሪሲቨሩ ካርቶንና በተረፈው ገመድ ስለተያዘ፣ ሚስቱ ሁለት ትራስ ደርባ በቀኙ ጫፍ፣ ስፕሪንጉ ላይ ተቀመጠች። የቀኙ ስፒከር ከጎኗ ቆሟል፤ አንዲት ደህና ጆሮዋ ደግሞ በዚያ በኩል ናት።

ፊልሙ ጀመረ። መኪና ሲነሣ ቤቱ ተነሣ። በር ሲዘጋ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ድልድይ ሲፈርስ የሻይ ሲኒዎቹ ከሳህናቸው ላይ እየዘለሉ ተንቀሳቀሱ። ጋሽ ግራም ነጥቧ ላይ ሆኖ፣ የሰዎቹ ንግግር እውነትም ከመሃል ሲመጣለት ሰማና ፊቱ በራ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ይዞ የሚስቱን ጥያቄ ጠበቀ። አንድም አልመጣም። ባለታሪኩ ለሴትዮዋ አንድ የሚያስቅ ነገር ነገራት፤ ጋሽ ግራም ሳቀ፤ ሚስቱም ፈገግ አለች። ፊልሙ ሲያልቅ «እንዴት ነው?» አላት፣ በደስታ ተውጦ።

«ጥሩ ነው» አለች፤ ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ጋሽ ግራም ደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፎ ከፊቱ «ዜሮ» አለበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ዜሮ ሆነ። ሰኞ ቢሮ ሄዶ ሊያወራው ቃላቱን ሲመርጥ፣ ፊልሙ ላይ አንድ ፋብሪካ ተቃጠለና ከሪሲቨሩ ሆድ ውስጥ ቋ ቋ የሚል ነገር ተሰማ። ቤዙ ባጓራ ቁጥር ቋ ይላል። ሪሲቨሩን አዘንብሎ ሲያየው አንድ ከባድ ነገር ውስጡ ተንሸራተተ።

እሑድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፈው ክዳኑን ፈቱት። ውስጡ አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታህል ትራንስፎርመር፣ ጥቂት ገመድ፣ ከዚያ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ባዶው ቦታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ብረት በሁለት ብሎን ታስሯል፤ አንዱ ብሎን ረግቧል።

«ጋሼ፣ ትራንስፎርመሩ ይሄ ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ጋሽ ግራም ብረቱን አውጥቶ በእጁ መዳፍ ጠረገው። «አምስት ኪሎ» ይላል። ከሥሩ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለ፣ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ በመዶሻ የተመታ አሥራ ሰባት። የራሱ እጅ ነው። ሚዛኑን የበሩ መቃን ላይ ሰቅሎ መዘነው። ልክ አምስት ኪሎ፤ አንድ ግራም እንኳን አላነሰም፣ አንድ ግራም አልበለጠም። በዚያች ደቂቃ እንኳን በሥራው ትንሽ ኩራት ተሰማው፤ ወዲያው ግን ኩም አለ።

«ተነሥ፣ ሄደን አንገቱን እንያዘው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ደሙ ፈልቶ።

«ምን ብለን?» አለ ጋሽ ግራም። «በኪሎ ጠየቅኩት፣ በኪሎ ሰጠኝ። መመዘኛውም እኔ ያረጋገጥኩት ነው። አቤቱታውን የሚቀበለው ቢሮ ደግሞ የኔው ቢሮ ነው።»

ሚስቱ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሁለቱ ወንዶች አንድ ብረት ዙሪያ ለቅሶ የተቀመጡ መስለው አገኘቻቸው። ቀረብ ብላ አየች። ብረቱን፣ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ የባሏን ፊት አየች። መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያፈስ ሳቀች። ጋሽ ግራም እንዲህ ስትስቅ ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። በራሱ መሆኑ እንኳን አልከፋውም።

እንባዋን እየጠረገች ወንበር ስትስብ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ደብተር አየች።

«ይሄ ሠላሳ ስምንት ምንድነው?»

ጋሽ ግራም ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን አለ ያልሽው ነው። በአንድ ፊልም።»

«ቆጠርክ?»

«ቆጠርኩ።»

«እየጠየቅኩህ፣ አንተ ትቆጥር ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና «በሉ ሱቅ ልክፈት» ብሎ ወጣ። እሑድ ሱቁ ዝግ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ።

«ዜሮዎቹስ?» አለች።

«ያለፈው ቅዳሜና የትናንቱ ናቸው። አንድም ጊዜ አልጠየቅሽም።»

«አልጠየቅኩም» አለች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል፤ ቁጣ ግን አልተተካበትም። «ለምን እንዳልጠየቅኩ ልንገርህ? አንድ ቃል አልሰማሁም። ደህናዋ ጆሮዬ ሥር የሚፈነዳ ነገር አቁመህ ምን ልስማ? ድሮ ግማሹን እሰማ ነበር፣ ግማሹን እጠይቅህ ነበር። አንተ ቆይ ትለኛለህ። ስቆይ፣ ስቆይ፣ መጠየቁ አሳፈረኝ። በገዛ ቤቴ፣ ባንተ ፊት አፈርኩ። ስትስቅ አይቼ መሳቅ ለመድኩ።»

እሷ ከደብተሩ ሥር የካሬ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ አወጣች። ቀዩዋ ነጥብ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ ማናት?»

«አዳማጩ ነው።»

«እኔስ የት ነኝ?»

ወረቀቱን አየው። ቴሌቪዥኑ አለ። ስፒከሮቹ፣ ቤዙ፣ ሶኬቱ፣ አበባዋ፣ ሁሉም በሴንቲሜትር ተለክተው ተቀምጠዋል። ሳምንት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት የዞረ ወረቀት ነው፤ ለሰውም አሳይቶታል፤ እሷ እንደሌለችበት ግን አሁን ገና ነው ያየው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ረጋ ብላ፣ «ሸክም ተጭኖበት ዜሮ የሚል ሚዛን ምን ይባላል?»

መልሱን ሃያ ሁለት ዓመት ለሌላው ሰው ሁሉ ሲናገር ኖሯል። እንባ ያቀረረ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ ቀስ ብሎ «ሞቷል ይባላል» አለ። አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ስፒከሮች ወደ ካርቶናቸው መለሳቸው፣ ቤዙን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ብረቱን በሩ እንዳይዘጋ መደገፊያ አደረጉት፤ እስከ ዛሬም ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው አልተገኘም። ቅዳሜ ባይሆንም ያንን ያለፈውን ሳምንት የድልድዩን ፊልም እንደገና በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ ከፈቱት። ሚስቱ ቀዩዋ ነጥብ ያለችበት ቦታ፣ መሃል ተቀመጠች። ጋሽ ግራም ዞሮ በቀኟ ሄደና ስፕሪንጉ ላይ ተቀመጠ። ስፕሪንጉ ጮኸ።

«ይወጋሃል፣ ትራስ አድርግ» አለችው።

«ይውጋኝ» አለ።

ባለታሪኩ ያንን የሚያስቅ ነገር ተናገረ። እሷ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞር ብላ «ምን አለ?» አለችው።

ጋሽ ግራም ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ወደሷ አዞረና እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጎ ነገራት። ሰውየው ያለው፣ ሴትዮዋ ጫማዋን ካላወለቀች ድልድዩን እንደማታልፍ ነበር።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው ሶፋዬን የበላኸው?» አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ አንድ ላይ ሳቁ።

እሷን እያየ ሲነግራት ግን ቀጣዩ ትርዒት እንዳለ አመለጠው። ቀና ሲል ድልድዩ ፈርሷል፣ ሴትዮዋ በባዶ እግሯ ወንዝ ዳር ቆማለች፣ ሰውየው የለም። ባለፈው ሳምንት ያየው ፊልም ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጭረት ለማስመር ሲጠብቅ ይህን ሁሉ ልብ አላለውም ነበር።

«ምን ሆነ? ሰውየው የት ሄደ?» አላት።

ሚስቱ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ ሻይዋን ፉት አለች።

«ቆይ እነግርሃለሁ» አለችው።

ጋሽ ግራም ስፕሪንጉ እየወጋው ጠበቀ።